ካሜራውን አንቀሳቅሱ፣ ሰዎቹን ተዉአቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን፣ ዘጋቢ ፊልም ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼና የድሮ ፎቶ በስልካቸው ለሚያንቀሳቅሱ ወገኖቼ ሁሉ አንድ ልመና ስላለኝ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ፎቶን ወደ ቪዲዮ ስትቀይሩ የካሜራውን እንቅስቃሴና የሰውየውን እንቅስቃሴ ለዩ። ካሜራው ይሂድ፣ ይምጣ። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ግን እንደቆመ ይቁም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በአርበኞች ቀን ሰሞን በአንድ ጣቢያ የተላለፈ ዘጋቢ ፊልም ነው። ጎፈሬያቸውን ያጎፈሩ አርበኞች ጠመንጃና ጋሻ ይዘው፣ ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ ቀረበ። ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆየና መንቀሳቀስ ጀመረ። ካሜራው በጎናቸው ዞረ፤ ዳር የቆሙት ሽማግሌ ወደ ጓዳቸው መለስ ብለው ፈገግ አሉ፤ አንደኛው ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ነቀነቀ። አብሮን ሲያይ የነበረው የእህቴ ልጅ «ያን ጊዜ ቪዲዮ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ምስሉ በኤአይ የተንቀሳቀሰ ነው የሚል አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ አልነበረችም። ልጁ ያየውን አመነ፤ ምን ያድርግ?

የእኔ ዓይን የሄደው ጠመንጃው ላይ ነው። ሰውየው ከፍ ሲያደርገው አፈሙዙ አጠረ፣ ማንገቻው ጠፋ፣ ወደ ታች ሲመልሰው ሌላ መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ። የታሪክ ሰዎች የአንድን ፎቶ ዘመን ከሚገምቱባቸው ነገሮች አንዱ ሰዎቹ የያዙት መሣሪያ ነው፤ ምንሽር ነው፣ ውጅግራ ነው፣ አልቤን ነው ይላሉ። ካሜራው ሲዞር ደግሞ የጋሻው የውስጥ ገጽ ከነመያዣው ታየ። ፎቶ አንሺው የቆመው ከፊት ለፊት ነው። ያንን የጋሻ ውስጥ ማን አይቶት ነው እኛ ያየነው?

እኔ የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ያደግሁት አባቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ሰዎች ክት ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ ከረባት የሌለው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የፎቶ ቤቱ ከረባት ይዋሳል፣ ሐይቅና ዘንባባ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፍ፣ ደረቱ ላይ ያድርግ፣ ኪሱ ውስጥ ይክተት፣ የሚወስነው ራሱ ነው። አንዳንዱ መስታወቱ ፊት ረዥም ሰዓት ቆሞ ያስብበታል። ከዚያ አባቴ «እንዳትነቃነቁ!» ይላል፣ ሰውየው ትንፋሹን ይይዛል። ያንን አቋቋም የድሮ ቴክኖሎጂ ድክመት አድርገው የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ለልጅ ልጆቹ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ መርጦ የቆመበት ነው። ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ እጁን ከወንበሩ አንስቶ እንዲያውለበልብ ሲያደርገው ምርጫውን እየሻረበት ነው።

ካሜራ ማንቀሳቀስም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ድሮ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈን፣ ካሜራውን ከበላዩ ሰቅለን፣ ከጫማ ተነስተን ቀስ እያልን ወደ ፊት እንወጣ ነበር። ዛሬ ያንኑ በኮምፒውተር እንሠራዋለን። በዚህ አሠራር ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነጥብ አንድም አይጨመርም። ተመልካቹ የሚያየው ፎቶ አንሺው ያየውን ነው፤ እኛ የመረጥንለት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያየው ብቻ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሰውየውን ከጀርባው መጋረጃ ቆርጦ ለይቶ ሁለቱን በተለያየ ፍጥነት ማንሸራተት ነው፤ ምስሉ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ሰውየው ሸተት ሲል ከትከሻው ኋላ ብቅ የሚለውን ቀጭን ክፍት ኤዲተሩ ከአጠገቡ ቀድቶ ይሞላዋል። እዚህ ላይ ፈጠራ ተጀምሯል፤ ሆኖም የተፈጠረው ጣት የማይሞላ መጋረጃ ነውና እኔ እቀበለዋለሁ። ሦስተኛው ካሜራው በሰውየው ዙሪያ ሲዞር ነው። ያኔ ጆሮው፣ ማጅራቱ፣ የጋሻው ውስጥ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ የነበረው ግድግዳ ሁሉ ከየትም ተሠርቶ ይመጣል። ስለዚህ ካሜራውን አንቀሳቅሱ ስል ከወረቀቱ ሳትወጡ ማለቴ ነው።

ሰውየውን ማንቀሳቀስ ከእነዚህ ከሦስቱም ይለያል፤ ያላደረገውን አድርጓል ማለት ነውና። የእኛ ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል ያሳያል። የአምስት ሰከንድ ቅንጭብ 125 ፍሬም ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ አርበኞቹ ፊት የተነሳው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩትን 124ቱን ማሽኑ ሌሎች እጅግ ብዙ ቪዲዮዎችን አይቶ፣ እንዲህ የቆመ ሰው ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ገምቶ የሠራቸው ናቸው። እነዚያ ሌሎች ቪዲዮዎች ውስጥ ያሉት ሰዎች አርበኞች አይደሉም። የዛሬ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ካሜራ ሲያዩ ፈገግ ማለት የለመዱ ናቸው። ሽማግሌው ፈገግ ያሉት ለዚህ ነው።

«ማሽኑ ያመጣውን ምን እናድርግ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይህ መልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት እውነትነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ስቴቢሊቲ ኤአይ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ስቴብል ቪዲዮ ዲፊዩዥን ፎቶ ተቀብሎ ቪዲዮ ሲሠራ፣ የእንቅስቃሴው ብዛት የሚታዘዝበት አንድ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን ከፍ ስናደርገው እንቅስቃሴው ይበዛል፤ የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ይሁን ሰውየው ግን መምረጥ አንችልም ነበር። በጽሑፍ የሚታዘዙት ሌሎች መሣሪያዎችም አያስተማምኑም ነበር። «ካሜራው ቀስ ብሎ ይቅረብ» ስንላቸው ሰውየው ተነስቶ ወደ እኛ ይመጣል። ምክንያቱ ለካሜራ ሰው ግልጽ ነው፦ ሰው ወደ ካሜራ ሲቀርብም፣ ካሜራ ወደ ሰው ሲቀርብም ፊቱ ስክሪኑ ላይ ያድጋል። ሁለቱን የሚለያቸው ከኋላ ያለው ግድግዳ ነው፤ ካሜራው ከቀረበ ግድግዳውም ትንሽ በትንሹ ያድጋል፣ ሰውየው ከተራመደ ግን ግድግዳው ባለበት ይቀራል። ማሽኑ ይህን ልዩነት የሚነግረው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግን ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ለይተዋቸዋል። በ2023 መጨረሻ የወጣው ሞሽንኮንትሮል የተባለው ሥራ የካሜራውንና የዕቃውን እንቅስቃሴ ለየብቻ የሚያዝ ነው፤ በ2024 ካሜራኮንትሮል ተከተለው። ሁለቱም የካሜራ እንቅስቃሴን የተማሩት ሪል ኢስቴት 10ኬ ከተባለ ስብስብ ነው። ቤቶችን ክፍል በክፍል ከሚያስጎበኙ ወደ 10,000 ከሚጠጉ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች የተሰበሰበ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ደስ ይላል። ቤት አይንቀሳቀስም። ሶፋው፣ መስኮቱ፣ ደረጃው ባለበት ነው። ስለዚህ ምስሉ ላይ የሚታየው መንሸራተት በሙሉ የመጣው ከካሜራው ነው፤ ካሜራው በየት በኩል እንደሄደም ከዚያ ተነስቶ በሒሳብ ማውጣት ይቻላል። የዕቃና የሰው እንቅስቃሴ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2023 ድራግኑዋ የተባለው ሥራ ፎቶው ላይ መስመር እየሳቡ ዕቃውን በዚያ መስመር እንዲሄድ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ራንዌይ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት የሚንቀሳቀሰውን ክፍል በብሩሽ ቀብቶ መለየትን አመጣ፤ በጃንዋሪ 2024 እስከ አምስት ክፍል ለየብቻ መቀባት ተቻለ፤ ካሜራው የሚታዘዘው ደግሞ በራሱ ማስተካከያዎች ነበር። ክሊንግ በተባለው መሣሪያ ላይ እንዲያውም የማይንቀሳቀሰውን ቦታ ለይቶ መቀባት ተቻለ።

እንግዲህ መሣሪያው ለካሜራው አንድ መዘውር፣ ለሰውየው ሌላ መዘውር ከሰጠን፣ የሰውየውን የሚያዞረው እጅ የኤዲተሩ ነው። ማሽኑ ነው ያመጣው ማለት አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር ቁጥጥሩ ገና ሙሉ አይደለም። ሰውየውን በሙሉ ቀብቼ «ይህ አይነቃነቅ» ባልኩበት ጊዜ እንኳ ዓይኑ ሲርገበገብ፣ ደረቱ ሲተነፍስ አይቻለሁ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ማሽኑ ከተማረባቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የታሪክና የሟች ፎቶ ላይ ኤአይ ፈጽሞ አልጠቀምም፤ በድሮው መንገድ በእጄ ነው የምሠራው። ለማስታወቂያ ሲሆን ግን በደስታ እጠቀማለሁ። የጀበና እንፋሎት ሽው እንዲል፣ ካሜራው ረከቦቱን እንዲዞር ሳደርግ የምዋሽበት ሰው የለም፤ ጀበናዋም ሲኒዎቹም ለዚያው ቀን የተደረደሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ደንበኛዬ የአባቱን ሙት ዓመት መታሰቢያ ቪዲዮ እንድሠራለት ፎቶዎችን በቴሌግራም ላከልኝ። አባትየው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተዋል። ከፎቶዎቹ አንዱ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው፤ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በግራ እጃቸው ላይ ደፍተው ቆመዋል። ልጅየው ከፎቶው ጋር በስልክ መተግበሪያ ያሠራውን አጭር ቪዲዮም ልኮ ነበር። አባቱ ኮፍያውን አንስተው በግራ እጃቸው ሰላምታ ይሰጣሉ። በጣም ወዶታል፤ መጨረሻው ላይ አስገባልኝ አለኝ። እኔ ከመሥራቴ በፊት እዚህ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ላሳያቸው ሄድኩ።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አንዴ ይደገም አሉኝ። ከዚያ «ይሄ የእሳቸው እጅ አይደለም» አሉ። ጣት ቆጠሩልኝ። ባለቤታቸው ሁለት ጣታቸው ኮሪያ ነው የቀረው። ኮፍያውን እጃቸው ላይ የደፉት ፎቶ አንሺው እንዲያ ይሁን ብሏቸው አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ሲነሱ ያንን እጅ እንደሸፈኑ ነው። ማሽኑ ከኮፍያው ሥር ያለውን ማየት አይችልምና ያየውን አማካይ እጅ አመጣ፦ አምስት ጣት፣ ሙሉ፣ ጤነኛ። «ኮሪያ የቀረውን ማን መለሰላቸው?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። በልጃቸው አልተቆጡም። ልጅየውም እናቱ የነገሩትን ከሰማ በኋላ ያንን ቪዲዮ ራሱ አጠፋው፤ የአባቱን እጅ ታሪክ እስከዚያ ቀን በደንብ አያውቅም ነበር፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ ነው የወጣው።

መታሰቢያው ላይ የሠራነው እንዲህ ነው። ፎቶውን በከፍተኛ ጥራት ስካን አደረግሁ። ሾቱ የሚጀምረው ኮፍያው ላይ ነው፤ አርማው፣ የጨርቁ ሽመና፣ ከሥሩ ብቅ ያለው አውራ ጣት ጎልቶ ይታያል። የእማማን ድምፅ ቀረጽኩ፤ እጁ እንዴት እንደተጎዳ፣ ከኮሪያ ሲመለሱ ባቡር ጣቢያ እንዴት እንደተቀበሏቸው ይናገራሉ። እሳቸው እየተናገሩ ካሜራው ከኮፍያው ተነስቶ በደንብ ልብሱ ቁልፎች በኩል ወደ ፊታቸው ይወጣል፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ዓይን እንቅስቃሴውን ሳያውቀው። ፊታቸው ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። ያ ሾት አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ቤተሰቡ ሲያየው ቤቱ ውስጥ የተነሳ ሰው አልነበረም።

ይህን የምለው «ወጣቱ የቆመ ፎቶ አያይም፣ ካልተንቀሳቀሰ ጣቱን አንሸራቶ ያልፈዋል» ለሚሉኝ አዘጋጆች ነው። ያልፋል የሚባለው ወጣት የሚያልፈው ምንም ያልታሰበበትን ምስል ነው። ፎቶው ውስጥ የሚታይ ነገር ፈልጋችሁ፣ ከየት ወደ የት እንደምትሄዱ ወስናችሁ፣ በላዩ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ብታስቀምጡበት ይቆማል። የአርበኞቹ ፎቶ ላይ የሚታይ ስንት ነገር ነበር! ባዶ እግር አለ። ወገብ ላይ የታጠቀ የጥይት ዝናር አለ፤ ኪሶቹ ባዶ ይሁኑ ሙሉ ይታያል። አንዱ እጁን ጎረቤቱ ትከሻ ላይ አድርጓል። ካሜራውን ባዶ እግሩ ላይ ጀምሮ ወደ ዝናሩ ማውጣት ለአንድ ኤዲተር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያንን ትቶ ሰዎቹን ማሳቅ ለምን አስፈለገ?

የበለጠ የሚያስፈራኝ ደግሞ እውነተኛ ፊልም ያላቸው ታሪኮቻችን ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲናገሩ በፊልም ተቀርጿል፤ ዛሬም ይታያል። በአንጻሩ የአድዋ ጦርነት ፊልም የለውም። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው፤ አድዋ የሆነው ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ሆኖም ቲክቶክ ላይ ሆን ተብሎ ጭረትና ብልጭታ የተጨመረባቸው የአድዋ «ፊልሞች» ሲዘዋወሩ አያለሁ። ካሜራቸው በእጅ እንደተያዘ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ራሱ የታዘዘ ነው። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ነገ የጄኔቩን ፊልም ስናሳየው ይሄም ኤአይ ነው ቢለን በምን እናሳምነዋለን?

የየካቲት 12ቱ ደግሞ አለ። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ከሚያሳዩ ፎቶዎች ውስጥ ራሳቸው ጣሊያኖች ያነሷቸው ይገኙበታል። እነዚያ ማስረጃ ናቸው። ገዳዩ ራሱ በራሱ ላይ የተወው ማስረጃ። አንዱን ሟች፣ አንዱን ወታደር እንኳ ብናንቀሳቅስ፣ ጭፍጨፋውን መካድ ለሚፈልግ ሰው «ይሄው፣ የተሠራ ነው» የሚልበትን በር በገዛ እጃችን ከፈትንለት። እነዚህን ፎቶዎች ማንም፣ ለምንም ዓላማ እንዳያንቀሳቅስ እለምናለሁ።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ጣቢያዎች በኤአይ የተንቀሳቀሰ ምስል ሲያሳዩ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ይቀመጥ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከስሞች ጋር የሚያልፈውን አይደለም የምለው፣ ምስሉ ባለበት ጊዜ በሙሉ ይቆይ። ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ምልክት አለ የሚለው አይበቃም። ጉግል ቪዮ በተባለው ቪዲዮ መሥሪያው ለሚሠሩ ቪዲዮዎች ሲንትአይዲ የተባለ የማይታይ ምልክት ያስገባል፣ ሌሎችም የፋይሉን አመጣጥ የሚናገር መረጃ አብረው ያያይዛሉ፤ ጥሩ ነው። ግን ያ የተያያዘ መረጃ ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክና እንደገና ሲቀረጽ በቀላሉ ይጠፋል፤ የማይታየውን ምልክት ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው በዓይኑ አያየውም። ፎቶው ከመንቀሳቀሱ በፊት ያልተነካው ዋናው ቅጂ ከነምንጩ ለጥቂት ሰከንዶች ይታይ። ወመዘክርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ፎቶ ሲሰጡ በውሉ ላይ «በፎቶው ውስጥ ያለ ሰው አይንቀሳቀስም» የሚል አንድ አንቀጽ ያስገቡ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ጣቢያዎችን ሲከታተል ይህን ጉዳይ አብሮ ይመልከተው።

በአርበኞች ቀን ሰሞን ያንን ፊልም ያስተላለፈው ጣቢያ ዋናውን ፎቶ፣ ማን እንዳነሳውና የት እንደሚገኝ ጠቅሶ፣ በሚቀጥለው ፕሮግራሙ ቢያሳየን እሱን እናመሰግናለን። በድሮ ፎቶ ላይ የሚሠሩ ወጣት ኤዲተሮች ካሜራውን ከወረቀቱ ሳያስወጡ እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ ማየት ከፈለጉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮዬ ክፍት ነው፤ ስልኬን ዝግጅት ክፍሉ ይሰጣቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
የቪዲዮ ኤዲተር፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)